ሦስት ሸክላ፣ አንድ ቤት

በዚያ ዓመት ደብረ ታቦር ውስጥ ጆሮ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ይህን ስጽፍ ጉንጬን ያቃጥለኛል። ቢሆንም ታሪኩ ከዚህ ስለሚጀምር ልደብቀው አልችልም።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳላመጣ ቀርቼ፣ በአንድ የባህል አዳራሽ የንብረት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ንብረቱ አርባ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ከበሮ፣ አንድ የተቀደደ መጋረጃና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ የሸክላ ማጫወቻ ነበር። ጥቅምት ላይ ከአንድ ወዳጅ አገር ሠላሳ ስምንት ሸክላ በእንጨት ሳጥን መጣልን። የፈረንጅ የጥንት ሙዚቃ ነው፤ ቃል የሌለው፣ ረጅም፣ መጨረሻው የማይታወቅ። ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ ሙጫ ቀብቼ የንብረት ቁጥር የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ያ ሙጫ በኋላ ጉድ ሠርቶኛል።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ይርጋ ሙዚቃ ሲሰማ የሚያዛጋ ሰው ነበር። ነገር ግን ከወዳጅ አገር የመጣ ስጦታ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ቢገኝ ያስጠይቃል። ስለዚህ ሕዝቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተሰብስቦ እንዲያዳምጥ ታዘዘ። ሕዝቡ እንዳይተኛ ደግሞ እኔ ጨዋታ ፈጠርኩ። ሦስት ሸክላ አጫውታለሁ፤ ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ የተደበቀ ነገር አለ፤ የደረሰበት ያሸንፋል። መልሱን አስቀድሜ ጽፌ በፖስታ አሽገዋለሁ፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በመጨረሻ ጓድ ይርጋ ራሱ ከፍቶ በዚያ የስብሰባ ድምፁ ያነበዋል። ያልታሸገ ነገር አያምንም ነበር። የታሸገን ነገር ደግሞ ምንም ይሁን ምን ያምናል።

ሰዉ የሚመጣው ያልመጣ ሰው ስሙ በቀበሌው ስለሚያዝ ነው። ግምታቸው ያሳፍር ነበር። አንዱ ተነስቶ ሦስቱን የሚያገናኘው የሰፊው ሕዝብ ትግል ነው ይላል። ሌላው ይነሳና የፊተኛው ያለውን ደግሞ በተጨማሪም ምርት ነው ይላል። ካሳሁን የሚባል የሂሳብ አስተማሪ በየሳምንቱ «ሦስቱም ክብ ናቸው» እያለ ያስቅ ነበር፤ ከሁሉም ለእውነት የቀረበው እሱ ነው። እኔ ከማጫወቻው ኋላ ክንዴን አጣምሬ ቆሜ በሆዴ እንቃቸዋለሁ። እኔ ራሴ ሸክላዎቹን የምመርጠው የሽፋናቸውን ሥዕል አይቼና የማውቃቸውን ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ለቃቅሜ መሆኑን ግን ማን ያውቃል?

በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ከኋላ ተነሳች። ነጭ የሐኪም ቤት ልብሷን ከነጠላዋ ሥር እንደለበሰች ነው። ቁስል የምታጥብ፣ መርፌ የምትወጋ ድሬሰር መሆኗን ሰዉ ሁሉ ያውቃል፤ የድጓ መምህሩ የመሪጌታ ገብረኪዳን ልጅ ትርንጎ ናት።

«ውሃ ነው» አለች። «ሁለቱ የሚፈስ ውሃ ናቸው። ሦስተኛው ግን የቆመ ነው፤ ከእነሱ ጋር ባይቀላቀል ጥሩ ነበር። መራጩ አላስተዋለም።»

ጓድ ይርጋ ፖስታውን ከፍቶ «ውሃ» ብሎ አነበበ። ሽልማቱ የንግግር ስብስብ ያለበት ባለ ቀይ ሽፋን መጽሐፍ ነበር። አጨበጨቡላት። ስትወጣ መጽሐፉን አግዳሚው ላይ ትታው ሄደች። ሮጬ ደጅ ላይ ደረስኩባትና ሽልማቷን እንደረሳች ነገርኳት።

«አልረሳሁትም» አለች።

«ስንት ሰው የሚመኘው ነው።»

«እንግዲያው ለሚመኘው ስጠው።» ከዚያ ቆም ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ሥዕሉን እያየህ ነው አይደል የምትመርጠው?»

«በጆሮዬ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

«በጆሮህ ከሆነማ ደንቆሮ ነህ።»

በሕይወቴ ብዙ ተብያለሁ፤ ደንቆሮ ያለኝ ግን አልነበረም። መንገዱን ይዛ ስትሄድ እስክትሰወር ቆሜ አየኋት። የተናደድኩ መስሎኝ ነበር። ቤቴ ስደርስ ግን የፈገግታ ያህል ነገር ፊቴ ላይ ቀርቶ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአዳራሹ እስከ ሐኪም ቤቱ አብረን እንሄድ ጀመር። አብሮ መሄድ ከተባለ ነው፤ እሷ ትሰድበኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ያጫወትኩትን እያነሳች ይኸኛው ረዝሟል፣ ያኛው አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል ትላለች። እኔም ስለ መድኃኒት ሽታዋ አንድ ነገር እላለሁ። ሌላው ወጣት አበባ ይሰጣል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። እኛ በንቀት ነበር የምንቀራረበው። አንዳንዴ ስድቡ ያልቅብናል፤ ያን ጊዜ ክንዷ ክንዴን ሲነካ ሁለታችንም ወደ ሌላ ጎን እናያለን።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ ከየት እንደምትሰማው ጠየቅኳት። ድጓ ውስጥ እያንዳንዱ ዜማ ቤት አለው አለችኝ። ተማሪው አዲስ ዜማ ሲያነሳ መምህሩ ቤቱን ይጠይቀዋል፤ ቃሉ ሌላ ቢሆንም ዜማው የሚሄደው በማን መንገድ እንደሆነ ማወቅ አለበት ማለት ነው። ሴት ልጅ ጉባኤው ውስጥ አትቀመጥም። እሷ ግን ከጓዳ ሆና በጭቃ ግድግዳው ስንጥቅ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ማሩ ውስጥ ተቀምጦ ይማራል፤ ቤቱ ሲጠፋው ግድግዳውን በጥፍሩ ይቧጥጣል፣ እሷ በስንጥቁ ታንሾካሹክለታለች።

«አባቴ እስከ ዛሬ ድረስ ማሩን ጎበዝ ተማሪ ነበር ይለዋል» አለችና ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ።

ማሩን ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ከአስኳላ ወስደውታል። አልተመለሰም። አስከሬኑ አልተሰጠም። ማልቀስ፣ ድንኳን መጣል፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ ክልክል ነው ተብሎ ለቤተሰቡ በቃል ተነገራቸው። ይህን የነገረችኝ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሆና ነው። እኔም እስከ ሐኪም ቤቱ በር ሸኘኋት።

የካቲት ላይ ሦስት ሸክላ መረጥኩ። አንደኛው ሽፋን ላይ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ደግሞ ጭፈራ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አገኘሁ፤ ሌላውን ማንበብ አላስፈለገኝም። ፖስታው ውስጥ «ጭፈራ» ብዬ አሸግኩ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ማንም እንደማይደርስበት እርግጠኛ ነበርኩ።

ሦስቱ አለቁ። ትግል ተባለ፣ ምርት ተባለ፣ ክብ ተባለ። ከዚያ ትርንጎ ተነሳች። ፊቷ እንደ ሌላው ቅዳሜ አልነበረም።

«ሦስቱም ቤታቸው አንድ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ዜማ ተደብቆባቸዋል። አንዱ በደወልና በመለከት ይለዋል፣ አንዱ በፒያኖ፣ አንዱ ደግሞ እየቀለደበት። ዝቅ ይላል፣ ይመለሳል፣ ከፊተኛው የባሰ ዝቅ ይላል። አስከሬን ተሸክመው እየሄዱ በየምዕራፉ የሚያሳርፉ ሰዎች እርምጃ ነው። የቀብር ዜማ ነው።»

በዚያ ዓመት ቀብር የሚል ቃል በስብሰባ ላይ የሚያነሳ አልነበረም። መቃብር ሳያገኙ በየሜዳው የጠፉ ልጆች ወላጆች እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«የማን ቀብር?» አለ ጓድ ይርጋ።

«የማን እንደሆነ ሸክላው አይናገርም።»

እኔ ያን ጊዜ የታየኝ ፖስታዬ ብቻ ነው። «ይክፈቱትና ይዩ ጓድ ይርጋ» አልኩ እየሳቅሁ። ከፈተ። «ጭፈራ» ብሎ አነበበ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ። እኔ ግን ጨመርኩበት። «ቀኑን ሙሉ ቁስል ሲያጥብ የዋለ ሰው ሠርግ ቢጠሩትም ሬሳ ይሸተዋል» አልኩ።

ሰዉ ጨንቆት ስለነበር ሳቁ ፈነዳ። ጓድ ይርጋም ሳቀ። ያን ያህል ሰው ስቆልኝ አያውቅም፤ ደስ አለኝ። ትርንጎ አላቀረቀረችም። ቁስል ይድን እንደሆነ ወይ መቆረጥ እንዳለበት የምታይ ይመስል አተኩራ አየችኝና ወጣች።

በኋላ አንዳንዶች በሳቅህ አዳንካት፣ ይርጋ ነገሩን ረሳው አሉኝ። እኔም ሦስት ቀን ያህል ለራሴ ይህንኑ ስነግር ቆየሁ። ውሸት ነው። ስለ እሷ አላሰብኩም ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣችም። ክትባት ይዛ ወደ ጉና መውጣቷን ሰምቼ፣ በምትመለስበት ቀን መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። የመድኃኒት ሣጥን የጫነች በቅሎ እየጎተተች፣ ፊቷ በብርዱ ቀልቶ መጣች። ይቅርታ አልኳት።

«ለምኑ?»

«ለቀልዱ።»

«ቀልዱ ምን ነበረበት? ሰው ስቆልሃል።» በቅሎዋን አቆመች። «ዜማውን ሰምተኸው ነበር?»

«አልሰማሁም።»

«ሰምተህ፣ ፈርተህ ቢሆን እተውልህ ነበር። ፍርሃትን እኔም አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ አብሮኝ ተኝቷል። አንተ ግን ሳትሰማ ነው የሳቅከው። ወንድሜ በዜማው ውስጥ ሲያልፍ ሰማሁት፣ አስረስ። ቤቱ ሲጠፋው ግድግዳውን ይቧጥጥልኝ እንደነበረው። አንተ ሥዕል ታያለህ።»

ወደ እብናት ጤና ጣቢያ ለመዛወር መጠየቋን፣ እንደተፈቀደላትና ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ከዚያ በቅሎዋን ጎትታ አለፈች።

አዳራሹን ከፍቼ ሦስቱን ሸክላ አስቀመጥኩ። አንዴ ሰማሁ፤ ምንም የለም። ደገምኩ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ተናድጄ አንድ አግዳሚ ወንበር በትከሻዬ ተሸክሜ፣ አስከሬን እንደያዘ ሰው ቀስ እያልኩ በአዳራሹ ውስጥ ተራመድኩ። ማንም አይቶኝ ቢሆን አብዷል ይል ነበር። ያን ጊዜ መጣ። ዝቅ አለ፣ ተመለሰ፣ ከፊተኛው የባሰ ዝቅ አለ። ከደወሉ ሥር አለ። ከፒያኖው ሥር አለ። ቀልደኛው ውስጥ እንኳ አለ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደሚያሾፍ ጅል።

ወንበሩን አስቀምጬ የመጀመሪያውን ሽፋን አነሳሁ። ጨፋሪዎቹን የሚመራው ሰው ፊት ላይ የእኔ ወረቀት ተለጥፏል፤ የንብረት ቁጥር አሥራ ሰባት። በርጥብ ጨርቅ እያሸሁ ላጥኩት። ከሥሩ የራስ ቅል ወጣ። ቀዳሚው ዓፅም ነበር፤ ሌሎቹን ሁሉ ወደ ጉድጓድ ይመራቸዋል። ከተማውን ሁሉ እየናቅሁ የኖርኩት በሞት ፊት ላይ ቁጥር ለጥፌ ነው።

በማግስቱ መሪጌታ ቤት ሄድኩ። ትርንጎ ሥራ ላይ ናት። ሽማግሌው በደጃቸው ፀሐይ ይሞቃሉ። ማንነቴን ተናግሬ ይቅርታ ልጠይቅ እንደመጣሁ ስገልጽ እንኳ ተቀመጥ አላሉኝም።

«ጆሮ አለው የሚባለው አንተ ነህ?» አሉ።

«አይደለሁም፣ አባቴ። እንደሌለኝ ትናንት ነው ያወቅኩት።»

«ልጄ ጠፋ። አታልቅስ ተባልኩ፤ አላለቀስኩም። እኔ ለስንቱ ፍትሐት ያደረስኩ ሰውዬ ለገዛ ልጄ አንድ ምዕራፍ አላቆምኩም። ይህች ልጅ ከእኔ ደፍራ በሰው ፊት አንድ ቃል ብትተነፍስ፣ አንተ አሳቅህባት። አሁን ይቅርታህን በጓሮ ይዘህልኝ መጣህ?»

«ምን ላድርግ ይበሉኝ።»

«እኔ ምን አውቄ? ፖስታ የምታሽገው አንተ ነህ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ከአዳራሹ በስተቀር የምበላበት እንጀራ አልነበረኝም። ከሥራ ማባረር ብቻ ሳይሆን የባሰም እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ግን ያቺ በቅሎ ወደ እብናት ስትወርድ ይታየኛል። ለጓድ ይርጋ ያንን የጭፈራውን ሕዝቡ ስለወደደው ይደገምልን ይላል አልኩት። ሕዝቡ ይላል ከተባለ አይከራከርም። ለትርንጎ ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቃል ላኩላት፤ «ሦስቱን እደግማለሁ፤ ሰምቻለሁ።»

መጣች። ብቻዋን አልነበረም፤ መሪጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመው አብረዋት ገቡ። ቄስ በዚያ አዳራሽ ታይቶ ስለማይታወቅ አንዳንዱ ተሳለቀ። ሦስቱን ሸክላ አጫወትኩ። ሦስተኛው ገና ሳያልቅ መገናኛው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ በአንድ አፍ «ጭፈራ!» አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያጠኑት የሰነበቱ ይመስላሉ። ካሳሁን ብቻ ዝም አለ።

ጓድ ይርጋ ማኅተሙን ሰበረ። የሚያነበውን የማይሰማ ሰው ነው፤ ቃላቱ ከወረቀቱ ወደ አፉ ሳይጎበኙት ያልፋሉ። እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ ጀመረ።

«ሦስቱም ቤታቸው አንድ ነው። ለሞተ ሰው የሚዜም የቀብር ዜማ ነው። ባለፈው ትርንጎ ገብረኪዳን ልክ ነበረች። እኔ አስረስ ሳልሰማ ሳቅሁባት። ይህ ዜማ ዛሬ የተደገመው ምዕራፍ ሳይቆምላቸው፣ ዘመድ ሳያለቅስላቸው ለቀሩ ልጆ»

እዚያ ላይ ቆመ። «ልጆቻችን» የሚለውን አልጨረሰውም፤ አፉ ግን ተከፍቶ ቀረ። ማንም እንዲጨርስለት አላስፈለገውም።

ትርንጎ ተነሳች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ዘረጋችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቅዝቃ መልሳ ለበሰችው። ከሦስተኛው አግዳሚ አንዲት አሮጊት እንደዚያው አደረጉ። ከወዲያ ጥግ ሌላ። ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ካሳሁን ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። መሪጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱት፤ በቀስታ፣ ግን ሁሉም ሰማው።

«ዝጋው» አለኝ ጓድ ይርጋ። የመጨረሻው ሸክላ ከመርፌው ሥር አሁንም ይዞራል።

«ራሱ ይዘጋል» አልኩት።

ሰኞ ታሰርኩ። ጓድ ይርጋ እውነቱን መጻፍ አልቻለም፤ ወረቀቱን በሁለት መቶ ሰው ፊት በገዛ ድምፁ ያነበበው እሱ ነዋ። ሴቶች ነጠላቸውን ገለበጡ ብሎ ሪፖርት ማድረግም አልሆነለትም። ስለዚህ ክሴ ከመንግሥት ንብረት ላይ የንብረት ቁጥር ልጧል የሚል ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሬ፣ ከሥራ ተባርሬ ወጣሁ። ከተማው ስንት ልጅ በስንት ተራ ነገር እንዳጣ ሳስብ፣ በሙጫ መዳኔ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በታሰርኩ በሁለተኛው ሳምንት ጠባቂው ጠራኝ። ትርንጎ አቧራ ለብሳ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ በአገልግል የተቀቀለ ድንች ይዛ ቆማለች።

«እብናት አልሄድሽም?» አልኳት።

«ሄጃለሁ። ተመልሼ ነው።»

«ያን ሁሉ መንገድ?»

«ለደንቆሮ ድንች ላቀብል ብዬ» አለች። ድንቹን ስቀበላት ጣቶቿ ጣቶቼ ላይ ትንሽ ቆዩ። ጠባቂው እስኪያስል ድረስ አላነሳቻቸውም።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ እብናት ውስጥ ተጋባን። እኔ የእህል ነጋዴዎች ደብዳቤ ጸሐፊ ሆንኩ። ሠርጋችን ያለ ማጫወቻ ነበር፤ ሙዚቃ ይምረጥልን ብለው አንዳንዶች ሲቀልዱ እሷ አፋቸውን አስያዘቻቸው።

ከዚያ ክረምት ሲወጣ፣ መሪጌታ ከተማውን ትተው ጉና ሥር ወደሚገኘው የትውልድ ቀያቸው ሄዱና አስጠሩን። ከተማ ውስጥ የተከለከለው ነገር እዚያ ገብስ መሐል ጠያቂ የለውም። የማሩን ልብስ አጥበው ጠብቀውናል፤ የአስኳላ ሸሚዙን፣ ሱሪውን፣ ገና ድጓ ሲማር የሚለብሳትን የበግ ለምድ። ቃሬዛ ላይ አጋደሙትና በነጭ ሸማ ሸፈኑት። አራት ሰው ተሸከምን፤ የፊት ቀኙን ያዝ ያሉኝ ራሳቸው መሪጌታ ናቸው።

ክብደት የለውም። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ተሸክሜ አላውቅም። እርሳቸው እያዜሙ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ሰባት ጊዜ አሳረፍነው። ዝቅ እናደርገዋለን፣ እናነሳዋለን፣ ዳገቱ ላይ እግራችን ስለሚከዳን ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ዝቅ እናደርገዋለን።

በአራተኛው ምዕራፍ ላይ ቃሬዛውን መሬት አስነክተን ስንቆም ትርንጎ ከሴቶቹ ተለይታ አጠገቤ መጣች። ጣቷን ዘርግታ የቃሬዛውን እንጨት በጥፍሯ ሁለት ጊዜ ቧጠጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁን ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ደንቆሮ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ የታገደው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣላት፤ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ እኔም ቃሬዛውን በአንድ እጄ፣ እሷን በሌላው ይዤ ወደ አምስተኛው ምዕራፍ ተራመድኩ።